ሕያው ሰው የቀበርኩ ሰሞን

ውድ እማማ ኛሉሃንጋ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅዎ ቲዮንጌ እንደሆነች ስለማውቅ መጀመሪያ ለእሷ አንድ ቃል አለኝ። ቲዮንጌ እህቴ፣ የማያስደስት ቢሆንም እንኳ አንድ መስመር እንዳትዘልዪ። እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ፣ የዘለልሽውን ነገር ከድምፅሽ ያገኙታል።

ባለፈው ሳምንት ቲዮንጌ ደውላልኝ ነበር። ቀኝ እጅዎና ቀኝ እግርዎ እምቢ ካሉ ወዲህ፣ እዚያ ካሮንጋ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ሊጠይቁዎት ሲመጡ ፊትዎን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞሩባቸው ነገረችኝ። «ምን ልታዩ መጣችሁ? ውኃ የማልቀዳ፣ እንጨት የማልሸከም ሴት ለማን እጠቅማለሁ? የእኔ ሥራ አልቋል» ብለዋቸዋል አሉ። ቲዮንጌ አልቅሳ ስትጨርስ «መጋቢ፣ ምን ልበላት?» አለችኝ። ጉባኤ ፊት ለሁለት ሰዓት መስበክ የማያቅተኝ ሰውዬ «ደውዬ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ተነስቼ ብመጣ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ጎርፉ ድልድዩን ወስዶታል፣ በዚያ ላይ የትንሣኤውን የጌታ እራት በየጸሎት ቤቱ የማዳረስ ዙር ጀምሬያለሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከካፎዞ አጥቢያዬ አልወጣም። ስለዚህ በእግሬ መምጣት ቢያቅተኝ በወረቀት መጥቻለሁና እንደ አንድ ጠያቂ ይቁጠሩኝ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ከምንጣፉ ጠርዝ ተቀምጫለሁ።

ጠያቂ ወሬ ይዞ ይመጣልና የኔም ወሬ ይኸው። ሽማግሌ ዮታሙ ቺራምቦን ባለፈው ቅዳሜ ቀበርናቸው። አዎ፣ በዚህኛው ጊዜ ሞተው ነው።

ሲስቁ ይታየኛል። ባይስቁም እንኳ የአፍዎ ጥግ ትንሽ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። ያንን የመጀመሪያውን ቀብር እርስዎም ያውቁታል፣ አገሩም ያውቀዋል። እኔ ግን ስለ እሱ የሚሰማኝን አንድም ቀን ፊት ለፊት ነግሬዎት አላውቅም። ያኔ አፍሬ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሥራ በዛ፣ ከዚያም እርስዎ ታመው ወደ ቲዮንጌ ሄዱ። ዛሬ ልናገር።

ካፎዞ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነበር። አሥራ አራት የጸሎት ቤት፣ አንድ መጋቢ፣ አንድ ሰንሰለቱ የሚወልቅ ብስክሌት። ማጥመቁም፣ ማጋባቱም፣ በፍየል የተጣሉ ወንድማማቾችን ማስታረቁም የኔ ነበር። ይህ ሁሉ አንሶኝ ይመስል፣ በገባሁ በወሩ «ያለ እኔ የሚቀበር ሰው አይኖርም» ብዬ ደነገግሁ። ከእኔ በፊት በየጸሎት ቤቱ የሚቀብሩት ሽማግሌዎቹ ነበሩ። አንዱ ሽማግሌ ሬሳ ሳጥን ራስጌ ቆሞ ሟቹን «እሑድ እሑድ የት ትሄድ ነበር?» እያለ ሲገስጽ ሰምቼ ደሜ ፈላና ሁሉንም ከለከልኳቸው። ለሕዝቡ አዝኜ ነው እል ነበር። እውነት ነው፣ አዝኛለሁ። ግን ደግሞ፣ እማማ፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እኔን ሲጠብቅ ደስ ይለኝ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

የዚያን ሳምንት ወባው በርትቶ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሦስት ሰው ቀበርኩ። ሦስተኛው የሽማግሌ ዮታሙ ታላቅ ወንድም ሲሜዮኒ ነበር። ጠዋት ከደረስኩ ጀምሮ ሬሳው የት ይረፍ፣ መዝሙሩን ማን ያውጣ እያልኩ ሁሉን ነገር የምጠይቀው ዮታሙን ነበር። ሁልጊዜ የሟቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አደርጋለሁ፣ የዚያን ቀን ግን አልጻፍኩም። እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ቀኔ ነበር። ጉድጓዱ ጫፍ ቆሜ፣ በሙሉ ድምፄ፣ «የወንድማችንን የዮታሙ ቺራምቦን ሥጋ ለአፈር ሰጥተናል» አልኩ።

ሽማግሌ ዮታሙ ከጉድጓዱ ማዶ እፍኝ አፈር ይዘው ቆመው ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። መቼም የኛ አገር ቆፋሪዎች ለቅሶ ላይ መቀለድ መብታቸው ነውና አንዱ አካፋውን ተደግፎ «መጋቢ፣ ሌላ እንቆፍር ወይስ ይሄንኑ እናስፋው?» አለኝ። የሚያለቅሱት ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ስሙን አርሜ እንደምንም ጨረስኩ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ እኔና ሽማግሌ ዮታሙ። አፈሯን በቀስታ ጣል አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ አልጋ ያዙ። ለሚስታቸው ለኛጎንድዌ «ከእንግዲህ ልብሴን አትጠቢ» አሏት። ጤና ጣቢያው ምንም አላገኘባቸውም። ሰው «ስማቸው አፈር ገብቷል፣ አካላቸውም መከተሉ አይቀርም» ይል ጀመር። ከሐሙስ በፊት ዳገቱ ላይ በብስክሌት ይቀድሙኝ የነበሩ ሰውዬ፣ በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋ ወርደው እንደ ሟች መሬት ምንጣፍ ላይ ተኝተው፣ ከሁለት ጉርሻ የሲማ ገንፎ በላይ አይበሉም ተባለ። እኔስ? አሥራ አንድ ቀን አልሄድኩም። ለሚጠይቀኝ «ትንሽ ጊዜ ልስጣቸው ብዬ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነው። ሰውዬው ቢሞቱ ገዳያቸው እኔ ነኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለቀጠናው ጉባኤ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አይደለሁም፣ አሰናብቱኝ የሚል። ባለቤቴ ቴምዋ አነበበችውና አጥፋ መለሰችልኝ። «ይሄን ብትልከው ትተኛለህ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «ከተኛህ ላከው» አለችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩት።

እርስዎ የመጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። ጥቁር ጉርድዎን ለብሰው፣ የእናቶች ኅብረቱን ነጭ ሻሽ አስረው፣ ራስዎ ላይ እንጨት ተሸክመው፣ አንድ ሌላ እስር ደግሞ በብብትዎ ይዘው። በሰው ፊት «እርስዎ» ይሉኝ ነበር፣ ብቻችንን ስንሆን ግን «አንተ» ነበርኩ።

«ዛሬ ስንት ቤት አለብህ?»

«አራት።»

«አንድም የለህም። ያንን የመጋቢነት ነጭ ኮሌታህን አውልቅ።»

«ለምን እማማ?»

«እንጨት ስትሸከም ይቆሽሽብሃላ።»

እስኪ ወንድ ልጅ በኛ አገር እንጨት በራሱ ላይ ሲሸከም ማን አይቶ ያውቃል? ጨርቅ ጠቅልለው ራሴ ላይ አድርገው፣ እስሩን ጫኑብኝና ፊት ፊት ሄዱ። ወፍጮ ቤቱ ጋ የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። አንዷ «እማማ፣ መጋቢ የእናቶች ኅብረት ገቡ እንዴ?» ስትል፣ ዘወር እንኳ ሳይሉ «በሙከራ ላይ ናቸው። ሳይጥሉ ከደረሱ እንቀበላቸዋለን» አሉ። በዚያች ቅጽበት እንጨቱ ወደቀብኝ።

መጀመሪያ የገባነው እግሯ የማይዘረጋው ባልቴት ቤት ነበር። እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ስዳብስ እርስዎ ድስቷን ያጥቡ ነበር። አልሰበኩም፣ አልመከሩም። ስለ ዶሮዎቿ አወሩ፣ የጎረቤቷን ወሬ ሰሙ፣ ውኃ ቀድተው ጋኑን ሞሉ። ልንወጣ ስንል እንደ ልማዴ ለመጸለይ ቆም ስል ጉልበቴን ነካ አድርገው «አንተ እንግዳ ነህ፣ ተቀመጥ። የቤቱ እመቤት ትጸልይልን» አሉኝ። ሴትዮዋም ዓይኗን ጨፍና ለእግራችን፣ ለመንገዳችን፣ ለኔም እንጨት አሸካከም ጸለየች።

ይህ ልማድዎ ቀድሞም ጆሮዬ ደርሶ ነበር። የኅብረቱ ሴቶች «ኛሉሃንጋ የታመመ ሰው ያሠራሉ» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰምቼ የአሮጊት አመል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። መንገድ ላይ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁዎት። የመለሱልኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦

«ሳንባ ታምሜ አራት ወር ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ። ሰው ሁሉ እየመጣ ጸለየልኝ። እንደ ገበታ ከበው ጸለዩልኝ። ታዲያ አንድም ሰው ‹አንቺስ እስኪ ለእኛ ለምኚልን› አላለኝም። በሽታውን ቻልኩት ልጄ። ለማንም የማልሆን መሆኔን ነው ያልቻልኩት።»

ቲዮንጌ፣ ይህንን እባክሽ ደግመሽ አንብቢላቸው።

ከዚያ ወደ ሽማግሌ ዮታሙ ቤት የሚታጠፈው መንገድ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። «አልችልም» አልኩዎት። «ማን ቻል አለህ? እንጨቱን አድርስ ብቻ» ብለውኝ ቀድመው ገቡ።

ሽማግሌ ዮታሙ ምንጣፍ ላይ ወደ ግድግዳ ዞረው ተኝተው ነበር። ጉንጫቸው ገብቷል።

«ማን ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

«እኔ ነኝ። እንጨት ይዘን መጣን» አሉ እርስዎ።

«ከአንቺ ጋር ያለው ማን ነው?»

«የቀበረህ ሰውዬ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው «ደግሞ ምን ቀረው?» አሉ።

«እንጨት አምጥቶልሃል።»

«ለለቅሶዬ?»

«ለሲማህ።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ፀጉሬ ላይ የእንጨት ቅርፊት፣ ሸሚዜ ላይ አቧራ፣ አንገቴ ላይ ኮሌታ የለም። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ራሱ ነው የተሸከመው?» ብለው እርስዎን ጠየቁ። «ከቤቱ ጀምሮ።» «በራሱ ላይ?» «ሁለት ጊዜ ጥሎታል» አሉ እርስዎ። የሽማግሌው ከንፈር ሳቁን ሲታገል አየሁ።

እርስዎና ኛጎንድዌ ምድጃው ጋ ሄዳችሁ እኔ ከእሳቸው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ይቅርታ ለመንኳቸው። ከቀብሩ በፊት ሦስት ቀን እንዳልተኛሁ ነገርኳቸው፣ ወዲያው ደግሞ ይሄ ሰበብ እንጂ ይቅርታ አይደለም አልኳቸው። እሳቸው ጣሪያውን እያዩ እንዲህ አሉኝ።

«መጋቢ፣ ስሜን መቃብር ላይ ስሰማ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? ልክ ነው አልኩ። ሠላሳ ዓመት የዚህን መንደር ሙታን የቀበርኩት እኔ ነኝ። አባቴን ቀብሬያለሁ፣ ልጄን ቀብሬያለሁ። እርስዎ መጥተው ተው አሉኝ፣ ተውኩ። የገዛ ወንድሜን ለመቅበር እንኳ እንደ መንገደኛ ማዶ ቆሜ እፍኝ አፈር ይዤ ተራ ጠበቅሁ። የዚያን ቀን ስሜን ሲጠሩ፣ ሰውዬው አልተሳሳተም አልኩ።»

እማማ፣ ይህን ሲሉኝ የሆንኩትን በምን ልንገርዎት። እኚህን ሰው የቀበርኳቸው በዚያ ሐሙስ አልነበረም። ከዓመት በላይ ቀድሞ ነው፣ በገዛ ድንጋጌዬ፣ ለእግዚአብሔር ሥራ የደከምኩ እየመሰለኝ። የሚሠሩ ሰዎችን እጅ ሁሉ አስሬ ብቻዬን ስሮጥ ከርሜ፣ ደከመኝ ብዬ ደግሞ በእግዚአብሔር ላይ አኩርፌያለሁ። «ተሳስቻለሁ» አልኳቸው።

እርስዎ እጅዎን በጉርድዎ እየጠረጉ ገቡ። ሰምተው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የሰሙ አይመስሉም ነበር። «በል ዮታሙ፣ እንግዶች ልንሄድ ነው። ጸልይልን» አሉ።

«የሞተ ሰው ይጸልያል?»

«ሞክረው።»

ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አባታችን ሆይ፣ ይህ ልጅ በቁሜ ቀብሮኛል። አንተ አይተሃል። ተቆጥቻለሁ፣ አልዋሽህም። ዛሬ ሳየው ግን ከእኔ ይልቅ የሞተው እሱ ይመስላል። እንቅልፍ ስጠው። ሲበላ መጣደፉን አስተወው። ሚስቱንም አስባት፣ ብቻዋን ናት። ሥራውን የሚያካፍሉት ሰዎች ስጠው።» እዚህ ላይ ቆም አሉ። እኔ የጨረሱ መስሎኝ አሜን ልል ነበር። «ካስፈለገም በእኔ ጀምር» አሉ።

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ አንድም ሰው ተው አላለኝም። ስንት ዘመን ለሰው ስጸልይ ኖሬ፣ ስሜን ጠርቶ፣ እንቅልፌንና እህሌን ቆጥሮ የጸለየልኝ ሰው አላስታውስም። ስጨርስ ሽማግሌ ዮታሙ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ቀጣዩ ቀብር የት ነው?» አሉኝ። «ነገ፣ ከወንዙ ማዶ» አልኳቸው። ወደ ጓዳው «ኛጎንድዌ፣ ውኃ አሙቂልኝ፣ ልታጠብ ነው። ብስክሌቷም ነፋስ እንዳላት እይልኝ» ሲሉ፣ ከውስጥ አንድ ሳህን ሲወድቅ ሰማን።

ስንመለስ ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ ምን እንደሚል ነገርኩዎት። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ዛሬ ተኛ። ጠዋት ተነስተህ አንብበው፣ እውነት ሆኖ ካገኘኸው ላከው» አሉኝ። ተኛሁ። ፀሐይ ወጥታ ቴምዋ እስክትቀሰቅሰኝ ተኛሁ። ተነስቼ ሳነበው፣ ሁሉን ብቻውን ስለሚሠራ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ያ ሰውዬ የለም ብዬ አስቀመጥኩት። አሁንም አለ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ያውቁታል። ሽማግሌዎቹ ይቀብራሉ፣ ያውም ከእኔ የተሻለ። ያ ሟችን የሚገስጸው ሰውዬ እንኳ ሽማግሌ ዮታሙ ጥቂት ቀብሮች አብረውት ከቆሙ በኋላ አመሉን ትቷል። የኔ ሐሙስ የእንጨት ቀን ነው። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የጸሎት ቤቶቹ አሥራ ሰባት ደርሰዋል፣ ድካሙም አልቀረም። ነገር ግን ሲደክመኝ የምቀመጥበት ምንጣፍ አገኘሁ፣ እዚያም የሚጸልይልኝ ሰው አለ። ሥራውን እንደገና የወደድኩት በዚህ ነው። ይህንን ከሴሚናሪ አላገኘሁትም፣ ከእርስዎ ነው ያገኘሁት። ይኸው በመጨረሻ አልኩት።

በዚህኛው ጊዜ ሽማግሌ ዮታሙ ሦስት ሳምንት ነው የታመሙት። ስጠይቃቸው በየጊዜው እየጸለዩ ነበር የሚሸኙኝ። በመጨረሻው ቀን «ሌላ ሰው አይቅበረኝ፣ አንተ ቅበረኝ» አሉኝ። ያቺ ጠዋት ካለፈች ወዲህ «አንተ» ሆኜ ነበር። «ለምን እኔ?» ስላቸው «አንተ ልምድ አለህ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጉድጓዱ ጫፍ ቆምኩ። ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጽፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አድርጌያለሁ። ወረቀቱን አወጣሁ። «የወንድማችንን» አልኩና ድምፄ ተዘጋ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ያው ቆፋሪ፣ ያ ቀልደኛው፣ አካፋውን መሬት አስቀምጦ በቀስታ «ዮታሙ ቺራምቦ፣ መጋቢ» አለ። ቀጥሎ ኛጎንድዌ ጠራቻቸው። ከዚያም ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩት የእርስዎ ሴቶች፣ ስማቸውን ጠሩልኝ። እኔ አሜን ብቻ አልኩ።

አሁን ልሄድ ነው እማማ። የዛሬው ጠያቂዎ ወሬውን ጨርሷል። ለመነሳት ሲል ሊጸልይልዎት ይዳዳዋል፣ ነገር ግን የቤትዎን ሕግ ያውቃልና አይደፍርም።

እንጨት መሸከም አቅቶዎታል፣ እሺ። ያ ሥራ አልቋል፣ አልከራከርዎትም። እኔን ከወደቅሁበት ያነሳኝ ግን እንጨቱ አልነበረም፣ ምንጣፍ ላይ የተኛ ሰው ጸሎት ነው፤ ያንን ያሳዩኝም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ይስሙኝ። ኛጎንድዌ አርባ ዓመት አብራ የኖረችውን ሰው አጥታ ቤቱ ሰፍቶባታል። ወንዝ ማዶ ያሉት ሁለቱ ወንድማማቾች እንደገና ተጣልተዋል፣ አሁንም በፍየል። ቴምዋ የመውለጃ ወሯ ገብቷል፣ ፈርታለችም። እኔም ደክሞኛል። በየሳምንቱ ወንዙን በታንኳ ከሚሻገሩት ነጋዴዎች ጋር የሰው ስም እየጻፍኩ እልክልዎታለሁ፣ እርስዎም እዚያው ተኝተው ይሠሩታል። እነዚያ የካሮንጋ እናቶችም ነገ ሲመጡ ፊትዎን ወደ እነሱ ያዙሩና ምን እንደቸገራቸው ይጠይቋቸው።

ቲዮንጌ፣ የቀረችውን አንዲት መስመር አንብቢና ወረቀቱን አስቀምጠሽ ዝም በይ።

እማማ፣ ኮሌታዬን አውልቄ ከእግርዎ ሥር ተቀምጫለሁ። ሳይጸልዩልኝ አልነሳም።

እንጨት የሚጥለው ልጅዎ፣
ዎንጋኒ ምሃንጎ
ካፎዞ